«ተሳስቻለሁ» የሚል ማነው?



በአገራችን አንድ ሾፌር በመንገድ ላይ ሰው ገጨ ሲባል ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ «ቆመ ወይስ አመለጠ?» የሚል ነው። ቆሞ ቁስለኛውን ያነሣ፣ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ እጁን የሰጠ፣ ሽማግሌ ልኮ የሟቹን ቤተሰብ ይቅርታ የጠየቀ እንደሆነ ሰው ያዝንለታል። «እሱስ ምን ያድርግ፤ የእግዜር ቁጣ ነው» ይባልለታል። ፍሬኑን ሳይረግጥ የሄደ እንደሆነ ግን፣ ምንም እንኳ ጥፋቱ በመጀመሪያ ያንድ ቅጽበት ስሕተት ቢሆን፣ ከዚያ በኋላ ስሕተት ብሎ የሚጠራለት አያገኝም። መኪናው ያው ነው፤ የሞተውም ሰው ያው ነው። የነገሩን ስም የለወጠው ሾፌሩ ከገጨ በኋላ ያደረገው ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ መኪና አደጋ ለመጻፍ ብዬ አይደለም። ላነሣ ያሰብኩት የጸጥታ ኀይሎች አሸባሪ ወይም ጽንፈኛ የሚሏቸውን ሲያሳድዱ ስለሚሞተው ሰላማዊ ሰው፣ በተለይም በዚሁ በእኛ በሰሜን ሸዋ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ስለ ሆነው ነገር ነው። ከሆነ ጊዜው አልፏልና «አሁን ምን ይቀሰቅሰዋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ስላልተዘጋ ነው የምቀሰቅሰው።

ዕለቱ ሰኞ ነበር። በሳሲት አካባቢ ሰዎች ከክርስትና ድግስ በጭነት መኪና ሆነው ሲመለሱ በድሮን ተመቱ። ከአካባቢው ለውጭ ዜና ወኪሎች የተናገሩ ሰዎች የሟቾቹን ቁጥር 30 ያደርሱታል፤ ከዚያ ዝቅ ያለ ቁጥር የሰጠም አለ። ይህ የቁጥር ልዩነት ራሱ ሊያሳፍረን የሚገባ ነው። አንዲት በግ ከጉረኖ ብትጠፋ ሲነጋ የሚቆጥር ባላገር ባለበት አገር፣ ስንት ሰው እንደ ሞተ በአደባባይ ቆጥሮ፣ ይህ ነው ብሎ ያስታወቀ ባለሥልጣን የለም። «ተሳስተናል» የሚል ቃልም ከመንግሥት በኩል አልተሰማም።

ክርስትና ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሆኖም ነገሩን ከሰማይ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው እንደምንነግረው አድርገን እናስበው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። የክርስትና አባት ወይም እናት ካለበት ቀበሌ ይጠራል፤ አያቶች ይመጣሉ፤ ጎረቤት ጠላውን፣ እንጀራውን ተሸክሞ ይሄዳል። ከበላና ከጠጣ፣ ከመረቀም በኋላ ሰው ሁሉ በአንድነት ይመለሳል። አውቶቡስ በማይደርስበት አገር የሚመለሰው በተገኘው መኪና ላይ ነው። በገጠራችን አይሱዙ ጠዋት እህል ይጭናል፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ይጭናል። ወንዶቹ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው ቆመው ይሄዳሉ። አንዱ ጠመንጃ ቢይዝም የሸዋ ባላገር ጠመንጃ ይዞ ድግስ መሄዱ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም፤ አያቶቻችንም ይዘው ይሄዱ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በብዙ ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ካለ ካሜራ በኩል የሚያይ ሰው ምን ያያል? በአንድ መኪና ላይ ተጨናንቀው የቆሙ ወንዶች፣ በእጃቸው ረዘም ያለ ነገር፣ ከአንድ ቦታ ተሰብስበው ወጥተው በአንድነት የሚጓዙ። ድግሱ አይታይም፤ እልልታው አይሰማም፤ ሕፃኑ በእናቱ ጋቢ ውስጥ ነው። የሚያየው ሰው ፊቱን ሊያየው የሄደው ታጣቂ ነውና፣ ታጣቂ ያያል። ይህን ስል ያን ዕለት ማን ምን አይቶ እንዳዘዘ አውቃለሁ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ስሕተት እንዴት እንደሚወለድ ለማሳየት ያህል ነው፤ በሌላ አገር በተመረመሩት ጉዳዮች የተገኘውም ይኸው ነውና።

በሕንድ አገር፣ በናጋላንድ፣ ኦቲንግ በሚባል መንደር አጠገብ ኅዳር 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነውን ላንሣ። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች የሳምንት ሥራቸውን ጨርሰው ቅዳሜ ማታ በአንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ልዩ ኮማንዶዎች ደግሞ ሽምቅ ተዋጊዎች በዚያ መንገድ ያልፋሉ የሚል ወሬ ደርሷቸው አድፍጠው ነበር። መኪናዋ ስትመጣ ተኮሱ፤ ስድስት ቆፋሪዎች ሞቱ። የመንደሩ ሰዎች ልጆቻቸው ሲዘገዩባቸው ሊፈልጉ ወጥተው ሬሳውን በወታደሮቹ መኪና ላይ አገኙት፤ በዚያም በተነሣው ግብግብ ሌሎች ሰባት ተገደሉ፤ አንድ ወታደርም ሞተ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ በሁለተኛው ቀን ፓርላማ ቀርበው ነገሩ የማንነት ስሕተት መሆኑን ተናገሩ። ፖሊስ መርምሮ 30 ወታደሮችን ከሰሰ። ነገር ግን በዚያ አገር ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ አንድ ሕግ አለ፤ ሁከት አለበት በተባለ ክፍለ አገር ያለ ወታደር የመካከለኛው መንግሥት ካልፈቀደ ፍርድ ቤት ሊቆም አይችልም ይላል። መንግሥቱም አልፈቀደም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋው።

እዚህ ላይ የሕንድ መንግሥት ፍትሕ ሰጠ ለማለት አልችልም። ቢሆንም ሾፌሩ ቢያንስ መኪናውን አቁሞ ወርዷል። የሟቾቹ ቁጥር ታውቋል፤ ሚኒስትሩ በስም ተጠይቆ መልስ ሰጥቷል፤ ፖሊስ የራሱን አገር ወታደር ከሷል። የመንደሩ ሰዎች የተከለከሉት ፍርዱን ነው። እኛ ግን ገና ከፍርዱ ብዙ ደረጃ ዝቅ ብለን፣ ሰው መሞቱን ራሱ እንዲያምኑልን እንለምናለን።

የናይጄሪያው ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፤ አፍሪቃዊ መንግሥት ነውና «እነሱ ፈረንጆች ናቸው» የሚለው ምክንያት አይሠራም። ኅዳር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በካዱና ክፍለ አገር፣ ቱዱን ቢሪ በምትባል መንደር ሕዝቡ መውሊድ ለማክበር ተሰብስቦ ሳለ የሠራዊቱ ድሮን መታው። ሰዎች የቆሰሉትን ሊያነሡ ሲሮጡ ሁለተኛው ምት ወረደ። የአገሩ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት 85 ሬሳ መቀበሩን አስታወቀ፤ የሟቾቹ ቁጥር ከዚህ ይበልጣል ያሉም አሉ። ሠራዊቱ አሸባሪዎች የተሰበሰቡ መስሎት እንደ መታ አመነ። በሁለት ቀን ውስጥ የምድር ጦሩ አዛዥ ራሱ ከመንደሯ ደርሶ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቀ፤ ፕሬዚዳንቱ ምርመራ አዘዘ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሁለት መኮንኖች በጦር ፍርድ ቤት እንደሚጠየቁ ተነገረ። የናይጄሪያ ሠራዊት ሌላ ብዙ የሚወቀስበት ነገር አለ፤ ይህም ይቅርታ የሞተውን አያስነሣም። ቢሆንም በቱዱን ቢሪና በሳሲት መካከል ያለው ጊዜ ሦስት ወር አይሞላም። አንዱ የሃይማኖት በዓል ነበር፤ ሌላውም የሃይማኖት በዓል ነበር። አንደኛው መንደር አዛዡን በዓይኑ አይቷል።

ኀያላኑም ቢሆኑ መጀመሪያ መካዳቸው አይቀርም። አሜሪካኖች ነሐሴ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ከካቡል ሊወጡ አንድ ቀን ያህል ሲቀራቸው አንድ ነጭ መኪና መትተው፣ ሰባት ሕፃናት ያሉበት አሥር ሰው ገደሉ። የጦር ኀይሎቻቸው ኤታ ማዦር ሹም ምቱ የጽድቅ ምት ነው አለ። ፈንጂ ነው የተባለው የውሃ ጀሪካን መሆኑን ጋዜጠኞች ፈልገው ካወጡ በኋላ፣ በሦስተኛው ሳምንት «አሳዛኝ ስሕተት» መሆኑ ታመነ። የተቀጣ አልነበረም። እንግዲህ ቃሉ ያለ ቅጣት ብቻውን ስንት ያወጣል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ብዙ አያወጣም እላለሁ። ለሟቹ ልጅ ግን «አባትህ አሸባሪ አልነበረም» ተብሎ በገዳዩ አንደበት መነገሩ ከምንም አይቆጠርም ማለት አይቻልም። አባቱ አሸባሪ ተብሎ የተቀበረበት ልጅ በቀበሌ፣ በትምህርት ቤት፣ ሥራ ሊገባ ሲልም ያን ስም ይሸከማል።

ስለ ስም ካነሣሁ ዘንድ፣ በአገራችን ስም መስጠትና ስም መንሣት እንዴት እንደሆነ እናስታውስ። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትንና «ሸኔ» የሚባለውን በአሸባሪነት ሰየመ። በሰኔ 15 ቀን፣ በገበያ ቀን፣ የትግራይዋ የቶጎጋ ገበያ ከአውሮፕላን ተመታች፤ ከ50 በላይ ሰው ሞተ። የሠራዊቱ ቃል አቀባይ የተመቱት የሲቪል ልብስ የለበሱ ተዋጊዎች ናቸው አለ። ሐኪሞች ግን ከቁስለኞቹ መካከል ሕፃናት መኖራቸውን፣ አምቡላንሶችም ወደ ቦታው እንዳይደርሱ መከልከላቸውን ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ስምምነት መጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ያው ምክር ቤት የሕወሓትን ስም ከአሸባሪነት መዝገብ ሰረዘ። ስሙ በድምፅ ተሰጠ፤ በድምፅ ተነሣ። በገበያዋ ላይ ለሞተችው ቅቤ ሻጭ ግን ስብሰባ የጠራላት የለም። ያን ጊዜ ከእኛ ብዙዎቻችን ዝም ማለታችንን ላስታውስ እወዳለሁ። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። «የሲቪል ልብስ የለበሱ ተዋጊዎች» የሚለውን ቃል ሰምቼ አምኜ ነበር፤ ለማመን ስለ ፈለግሁ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ያው ቃል ዞሮ በእኔው አገር መጣ።

ሰሜን ሸዋ ይህን ቃል ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል። ፋሽስት ኢጣልያ አርበኛውን «ወንበዴ» ይለው ነበር፤ ወንበዴውን ያበላውም ወንበዴ፣ ወንበዴው የተሳለመው ገዳምም የወንበዴ ዋሻ ተባለ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በአዲስ አበባ የሆነውን ሁላችን እንማራለን። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሲያልቁ፣ ከገዳሙ የተወሰዱት ዲያቆናት ከዚህ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቅ ሜዳ ላይ መረሸናቸውን ግን ከእኛ ስንቱ ያውቃል? ግራዚያኒ 129 ናቸው ብሎ ለሮም አስታወቀ፤ የታሪክ ሊቃውንት የደብረ ሊባኖስን ጠቅላላ ቁጥር እሱ ካለው እጅግ ያበዙታል። በመንዝም በዘረት ዋሻ ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ከአርበኞቹ ጋር የነበሩት ሴቶችና ሕፃናት በመርዝ ጋዝ ተመትተዋል። የአገሬን ወታደር ከፋሽስት ጋር ለማመሳሰል አላሰብኩም፤ እንዲህ የሚያነብብኝ ካለ በደለኝ። ፋሽስቱ ሆን ብሎ ነበር የፈጀን። የምለው፣ አንድ ቃል በአንድ አገር ላይ ሲዘረጋ ታጣቂውን ከባለ ክርስትናው መለየት እንደሚቀር ይህ ምድር አይቶታል ነው። የሳሲቱ ምት የወረደው በየካቲት 12 ዋዜማ መሆኑ አጋጣሚ ነው። በማግሥቱ በስድስት ኪሎ ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ፣ በሳሲት አካባቢ ግን መቃብር ይቆፈር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብኝ። ሁሉን ግድያ ስሕተት ብዬ መጥራቴ እንዳይመስላችሁ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከተማ የሆነውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን መርምሮ፣ ማንነታቸው የታወቀ ቢያንስ 45 ሲቪሎች «ፋኖን ትደግፋላችሁ» በሚል በመንግሥት የጸጥታ ኀይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን ገልጿል። መንግሥት በበኩሉ ሠራዊቱ ተጠቅቶ ራሱን ተከላከለ እንጂ ሲቪሎች ዒላማ አልተደረጉም ብሏል። ኮሚሽኑ የጻፈው እውነት ከሆነ ግን ያ ስሕተት አይባልም። በእግር ቆሞ፣ ፊቱን አይቶ፣ ስሙን ጠይቆ የገደለ ሰው ካሜራው ደበዘዘብኝ ሊል አይችልም። «ስሕተት» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ልንይዘው የሚገባን አንደኛው ምክንያት ይህ ነው፤ በአንድ በኩል በእውነት የተሳሳተውን ወታደር ከነፍሰ ገዳይ እንድንለየው፣ በሌላ በኩል ነፍሰ ገዳዩ በዚያ ጥላ ሥር እንዳይደበቅ። መለየት የሚቻለው ደግሞ ሲመረመር ብቻ ነው። ምርመራን የሚከለክል መንግሥት መጀመሪያ የሚጎዳው ሐቀኛውን ወታደሩን ነው፤ ሁሉም በአንድ ስም ይጠራልና።

የሚቀርበውን መልስ አውቀዋለሁ፤ በመኝታ ክፍላችንም በክርክር ሰምቼዋለሁ። «ታጣቂው በሕዝቡ ውስጥ ተደብቆ ይዋጋል። ወታደሩም የድኻ ልጅ ነው፤ እሱም አድፍጠው ይገድሉታል። ታጣቂዎቹስ ሰላማዊ ሰው አይገድሉም? አያግቱም? አይዘርፉም?» እውነት ነው። ፋኖ ነኝ የሚል ታጣቂ ሰላማዊ ሰው ቢገድል፣ አግቶ ገንዘብ ቢያስከፍል እሱም ይጠየቅ፤ ከእኔ ጥብቅና የሚያገኝ የለም። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ታጣቂው በስሜ አይተኩስም፤ ከእናቴ ግብር ተሰብስቦ ድሮን አልገዛም። መንግሥት ግን የሚተኩሰው በእኔና በእናንተ ስም ነው። በስሜ የተሠራውን ልጠይቅ መብቴ ነው ብቻ ሳይሆን ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ። ታጣቂው በሕዝብ ውስጥ ተደብቋል የሚለውም ቢሆን፣ የበለጠ መጠንቀቅን እንጂ ያነሰ መጠንቀቅን አያመጣም። ሌባ ከገበያ ውስጥ ቢገባ ገበያው አይተኮስበትም።

ቁጥሩንም ቀለል አድርገን እንዳናየው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት ከሐምሌ 28 ቀን 2015 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ ባለው ጊዜ ብቻ በድሮን ምት የተገደሉ ሲቪሎችን 248 አድርሷቸዋል። ሳሲት ከዚህ ቆጠራ በኋላ የመጣች ናት። በነሐሴ 2015 በዚሁ በደብረ ብርሃን ውጊያ ሲደረግ በሆስፒታል፣ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት የነበሩ ሰዎች ሰለባ መሆናቸውን ያው ኮሚሽናችን አስታውቋል። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው እነዚህ ቦታዎች ሩቅ አለመሆናቸውን ያውቃል፤ በየቀኑ በፊታቸው እናልፋለን።

እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኢንተርኔቱ ለብዙ ወራት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ የጎረቤት ወረዳን ሞት የምንሰማው ከቦን ከሚተላለፍ ሬዲዮ ነበር። ወሬው ከእኛ ተነሥቶ ጀርመን ደርሶ፣ ከጀርመን ወደ እኛ ይመለስ ነበር። ባለፈው ለበዓል ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጄ ያየሁት ነገር ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ አድርጎኛል። የአንድ ጎረቤታችን ተዝካር ነበር። ሟቹ ባለ ብዙ ዘመድ ናቸው፤ በደኅናው ጊዜ ዳሱ አይበቃም ነበር። አያቴ ግን ሰው በሦስት በአራት ሆኖ፣ ሰዓት ለያይቶ መጥቶ እንዲበላ ቆርጠው አዘዋል። «ተሰብስባችሁ አትቁሙ፤ ከላይ ይታያል» ይላሉ። ልጆቹ በመኪና ላይ ሆነው ሊመለሱ ሲሉ አውርደው በእግር ሰደዷቸው። አያቴ ስለ ድሮን የሚያውቁት ከሰው የሰሙትን ነው፤ የሰሙት ግን መኪና ተጭኖ ከድግስ መመለስ እንደሚያስገድል ነው። ከሳሲት ወደ አንኮበር የደረሰው ትምህርት ይህ ነው። ከስሕተቱ በኋላ «ተሳስተናል፤ ዳግመኛ እንዳይሆን ይህን ይህን አድርገናል» ያላቸው ሰው ስለሌለ፣ የራሳቸውን ደንብ አወጡ። በሸዋ ሰው ለቀብር፣ ለተዝካር፣ ለክርስትና መሰብሰብ ሲፈራ ምን ይቀረዋል?

ሕጉ ምን ይላል? የሕግ መምህራኖቻችን ከኔ ይበልጥ ያውቃሉ፤ ብሳሳት ያርሙኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2126፣ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ባደረገው ጥፋት ሰው የጎዳ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት ሊጠይቅ ይችላል ይላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ወንጀል ያደርገዋል። ታዲያ የሳሲት መበለት ይህን ሕግ ይዛ ወዴት ትሂድ? የማን ጥፋት እንደሆነ ለማስረዳት መጀመሪያ ምቱ የማን እንደሆነ ማስረዳት አለባት፤ ይህን ደግሞ የሚያውቀው የተኮሰው ብቻ ነው። እንዲያው ሆኖላት ብታስረዳ እንኳ፣ ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም ብሎ ደንግጓል። ሕጉ ሲወጣ 1,000 ብር ጥንድ በሬ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ግን ለለቅሶ ቤት ቡናና ስኳር አይበቃም። ለቀሪ ቤተሰብ መተዳደሪያ የሚሰጠው ካሣ ሌላ ነው፤ ቢሆንም የአንዲት እናት ኀዘን በሕግ የተቆረጠለት ዋጋ ይኸው ነው።

ሕገ መንግሥታችንም ቢሆን በዚህ በኩል ክፍተት አለው። በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ ሊነኩ የማይችሉ መብቶች በቁጥር ተዘርዝረዋል፤ አንቀጽ 18፣ አንቀጽ 25 አሉበት። የሕይወት መብት የተጻፈበት አንቀጽ 15 ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሳሲት የተመታችው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ ለአራት ወር ከተራዘመ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሰውን ማሰቃየት በማንኛውም ጊዜ ክልክል ሲሆን፣ መግደሉ ከዝርዝሩ ውጭ መቅረቱ እንዴት እንደሆነ ያስተማረኝ መምህር እስካሁን የለም። አገራችን የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የሕይወት መብት በአስቸኳይ ጊዜም እንደማይታገድ ይናገራል፤ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የሕጓ ክፍል ናቸው ይላል። መንገድ አለ ማለት ነው። መንገዱን ግን የሚሄድበት ያስፈልጋል።

አባቶቻችን ዘንድ ይህ ነገር እንዲህ አያስቸግርም ነበር። በአገራችን ልማድ ሳያስበው ሰው የገደለ ሰው ዝም ብሎ ቤቱ አይቀመጥም። ሽማግሌ ይልካል። ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከሟቹ ዘመዶች ፊት ይወድቃል። የሚሰጠው ካሣ ሟቹን የሚተካ ሆኖ አይደለም፤ ካሣው የሚያስረዳው «እኔ ነኝ፤ የእናንተ ሰው ባለ ዕዳዬ ነው» ማለቱን ነው። ከዚያ ወዲያ ልጆቻቸው በአንድ ገበያ ሊውሉ ይችላሉ። ያልመጣ እንደሆነ ግን ደሙ አይደርቅም፤ ልጅ ለልጅ ይተላለፋል። እንግዲህ መንግሥት በየመንደሩ ደመኛ እየተከለ ሰላም እፈልጋለሁ ቢል፣ አንድ የመንዝ ሽማግሌ የሚያውቀውን ነገር ሳያውቀው ቀርቷል ማለት ነው። የሳሲት ሟቾች ወንድም ዛሬ ወዴት እንደሚሄድ መገመት ከባድ አይደለም፤ ጫካው ቅርብ ነው።

ከዚህ በኋላ ምን እናድርግ ለሚለው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ፤ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እንዲነሡ ማኅበሩን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ማኅበራችን ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ደብዳቤ ይጻፍ። ኮሚሽኑ በዐዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመ የሕዝብ መሥሪያ ቤት ነው፤ ብዙ በተዘጋ ጊዜም ቢሆን መግለጫ ሲያወጣ አይተነዋል። የምንጠይቀው በሰሜን ሸዋ በአየርም ሆነ በምድር ምት የሞቱ ሲቪሎች ዝርዝር እንዲዘጋጅ፣ ምቱን ያዘዘው ክፍል እንዲጠየቅና ውጤቱ በአማርኛ ለሕዝቡ እንዲነበብ ነው። በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን እንደሚቋቋም ይናገራል። የተቋቋመ ዕለት በፊቱ የሚቀርብ ወረቀት ከእኛም ዘንድ ሊኖር ይገባል።

ሁለተኛው ሐሳብ ዝርዝሩን የሚመለከት ነው፤ ኮሚሽኑ እስኪመጣ መቀመጥ የለብንም። ከሞጃና ወደራ፣ ከጣርማ በር፣ ከባሶና ወራና፣ ከአንኮበር፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከኤፍራታ የመጣን ልጆች እዚህ ግቢ ውስጥ አለን። እያንዳንዳችን ለበዓል ስንሄድ የምናውቀውን እንጻፍ፤ ሟቹ ማን እንደ ነበር፣ ዕድሜው ስንት እንደ ነበር፣ ያን ዕለት ከየት ወዴት ይሄድ እንደ ነበር፣ ምን ይዞ እንደ ነበር። በመንግሥት ጥይት የሞተውም፣ በታጣቂው ጥይት የሞተውም ይጻፍ። ስም ማተም አይገባም፤ ቤተሰቡን አደጋ ላይ ይጥላልና። የሚጽፈውም ሰው ስሙን እንዲሰጥ አይገደድም። የሰማውን ካየው ለይቶ ይጻፍ፤ «ይባላል» የሚለውን «ይባላል» ብሎ ይጻፍ። ከሕግ ትምህርት ክፍል ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት መምህራን አጻጻፉን ቢያሳዩን መልካም ነው፤ አንዱን አነጋግሬ እሺ ብለውኛል።

ለዚህ የሚሆን አንድ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ገዝቼ ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሳሲት፣ ከክርስትና ሲመለሱ የሚል ተጽፎበታል። ከሥሩ ያለው መስመር ክፍት ነው፤ ከዚያ አካባቢ የመጣችሁ ሙሉት።